የልጆች የፕሮግራም ልብስ በቤት ውስጥ፣ በትንሽ ወጪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርና ዙሪያ ሰፈሮች ያሉ ወላጆች «ለፕሮግራም ልብስ ይዛችሁ ኑ» በተባሉ ቁጥር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ልብስ አምጡ ብሏል፤ እጄ ላይ ግን ገንዘብ የለም። ከምን ልጀምር?

ከራስ ጀምሩ። ልጁ ምን ሆኖ እንደመጣ ከሩቅ የሚያስታውቀው ራሱ ላይ ያደረገውና በእጁ የያዘው ነገር ነው። ጎፈር (የአንበሳ ጋማ የሚመስል የራስ ጌጥ) አድርጎ ጋሻ የያዘ ልጅ ከታች ተራ ነጭ ሹራብና ሱሪ ቢለብስም አርበኛ ነው። ሙሉ ልብስ ተገዝቶለት ራሱ ባዶ የሆነው ግን «አንተ ምንድን ነህ?» እየተባለ ይውላል። ስለዚህ ያላችሁን ጊዜም ገንዘብም ራስ ላይ ለሚደረገውና በእጅ ለሚያዘው አንድ ዕቃ አውሉት። ገላው ላይ የሚሆነው ነገም ከነገ ወዲያም የሚለብሰው የራሱ ልብስ ይሁን።

የሚለበስ ልብስ ደግሞ አይቆረጥም፣ ሙጫም አይነካውም። ጥለት ወይም ሪባን መጨመር ካስፈለገ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ በእጅ ስፉት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ክሩን በመቀስ ጫፍ መዝዛችሁ ትፈቱታላችሁ፤ ልብሱም እንደነበረው ይመለሳል።

ዕቃውን ከየት አገኛለሁ? መርካቶ መሄድ የግድ ነው?

አብዛኛው ከሰፈር አያልፍም። ካርቶን ከባለሱቅ ይገኛል፤ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ያስቀምጥላችኋል። የብስኩት ካርቶን ቀጭን ስለሆነ ለዘውድና ለቆብ ይሆናል፤ የዘይት ካርቶን ወፍራም ስለሆነ ለጋሻ ነው። ልብስ ሰፊዎች በየቀኑ የሚጥሉት ቁርጥራጭ ጨርቅ አላቸው፤ አንድ ፌስታል ሙሉ ብትጠይቁ የሚከለክላችሁ አይኖርም። ያረጀ መጋረጃ ካባ ይወጣዋል፣ ያረጀ አንሶላ ደግሞ ነጭ ቀሚስ ወይም እጀ ጠባብ። ቆርኪ ከግሮሰሪ፣ ቃጫ ገበያ ላይ ገመድ ከሚሸጡት ዘንድ፣ ላስቲክና መርፌ ቁልፍ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል። ቆራሌው ሲጠራም ልትሰጡት ያሰባችሁትን አንዴ በዓይናችሁ እለፉበት።

ማዳበሪያ ስትፈልጉ የእህል ወይም የዱቄት የነበረውን ከወፍጮ ቤት ውሰዱ። እውነተኛ የእርሻ ማዳበሪያ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘ ከረጢት ቢታጠብም ለልጅ አይሆንም። የሲሚንቶ ወረቀትም እንዲሁ፤ ብናኙ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል።

መርካቶ የሚያስኬደው ሪባን፣ ጥለትና ከፋይ ነው። ለአንድ ልጅ ሁለት ሜትር ሪባን ብሎ ከቱሉ ዲምቱ መነሳት ግን አያዋጣም፤ የታክሲውና የወረፋው ነገር ከሪባኑ ይበልጣል። የብሎኩ ወላጆች ተነጋገሩና አንድ ሰው ለሁሉም ሙሉ ጥቅል ገዝቶ ይምጣ። በጥቅል ሲገዛ በሜትር ከመግዛት ይረክሳል።

መስፋት አልችልም። ያለ ስፌት መኪና ይሆናል?

ይሆናል። ከሁሉ የሚቀለው አንድ ቁራጭ ጨርቅ አጥፎ አንገት ማውጣት ነው። ቁመቱ 110 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን የ5 ዓመት ልጅ፣ ወርዱ 60፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ይበቃል። ርዝመቱን ለሁለት እጠፉት፤ እጥፋቱ ትከሻ ይሆናል። መሐሉ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳችሁ ከፊት በኩል ወደ ታች 8 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቁ። ስንጥቁን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው። የ5 ዓመት ልጅ ራስ ዙሪያው 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የ15 ሴንቲ ሜትር ክብ ግን 47 ብቻ ስለሚሰጥ ያለ ስንጥቅ ራስ አያሳልፍም። አስፍቶ መቅደድ ደግሞ ከትከሻ ያንሸራትተዋል። ወገቡን በመቀነት ወይም በነጠላ ጥለት እሰሩት፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ቢሆንም ከውስጥ ሹራብ ስላለ አያጋልጥም።

ጨርቁ ከቲሸርት ወይም ከብርድ ልብስ ዓይነት ከሆነ ጠርዙ አይተረተርም። አቡጀዲና አንሶላ ግን ይተረተራሉ፤ ጠርዛቸውን መዘምዘም ያስፈልጋል። መርፌ ከጨነቃችሁ ጠርዙ ላይ ቪናቪል በጣት ቀብታችሁ አድርቁት። መርፌ ቁልፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ከውጭ በኩል፣ አግድም፣ ከአንገትና ከብብት ርቆ ይግባ።

ለአድዋ ቀን የአርበኛ ልብስ ራሴ እንዴት ልሥራ?

የካቲት 23 ሲቃረብ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ይህ ነው። ዘማቾቹ በ1888 ዓ.ም. የለበሱት አንድ ወጥ የደንብ ልብስ አልነበረም፤ ብዙው ሰው የዘመተው በራሱ ነጭ ልብስ ነው። ስለዚህ ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ሹራብና ደረት ላይ ተጣጥፎ የታሰረ ነጠላ በቂ ነው። ድካማችሁን ለጎፈሩና ለጋሻው አቆዩት።

ጎፈሩን በቃጫ ሥሩት። ከቲሸርት ጨርቅ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከልጁ ራስ ዙሪያ 3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መቀነት ቁረጡ። ቃጫውን 30 ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቆራርጡና ስምንት ወይም አሥር ዘለላ በአንድ ላይ ያዙ። መሐሉ ላይ አጥፋችሁ በወፍራም ሲባጎ ሥር አሳልፉት፤ ሁለቱን ጫፍ በእጥፋቱ ቀለበት ውስጥ አስገብታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ሳቡት። እንዲህ እያላችሁ ጎን ለጎን ሳትለያዩ ሲባጎው በቃጫ እስኪሞላ ቀጥሉ፤ አንድ የልጅ ራስ እስከ ስልሳ የሚደርስ ቋጠሮ ይፈልጋል። ከዚያ ሲባጎውን መቀነቱ ላይ በእጅ ስፉት። የቲሸርቱ ጨርቅ ከውስጥ የሚሆነው ቃጫ ግንባር ስለሚያሳክክ ነው፤ ይህ ሲዘነጋ ልጆች ጎፈሩን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አውልቀው ይጥሉታል።

የቃጫው ንጣት የማያምር ከመሰላችሁ ከመቋጠራችሁ በፊት በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል አፍልታችሁ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። ደርቆ ቡናማ ሲሆን በሰፊ ማበጠሪያ አበጥሩት፤ የሚረግፈው እዚያው ይርገፍ።

ለጋሻው ከወፍራም ካርቶን ስፋታቸው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ክብ ቁረጡ። ሁለቱንም ከጠርዝ እስከ መሐል አንድ ቦታ ሰንጥቁ፤ የስንጥቁን ሁለት ከንፈር ጠርዙ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር አደራርባችሁ አጣብቁ። መሐሉ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብድግ ይላል፤ ጋሻ የሚያስመስለውም ይኸው ጉብታ ነው። አንዱን በሌላው ላይ ስትደርቡ የአንዱ ስንጥቅ ከሌላው በተቃራኒ ይሁን፤ አንድ ላይ ከገጠሙ እዚያ ላይ ይታጠፋል። ከማጣበቃችሁ በፊት የውስጠኛው መሐል ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቀዳዳ ብሱና የጨርቅ መያዣ አስገቡ፤ ቋጠሮው በሁለቱ ካርቶኖች መሐል ይቀበራል። ላዩን ጥቁር ቡናማ ቀለም ቀብታችሁ ከቢጫ ወረቀት በተቆረጡ ክቦች አስጊጡት። ቆርኪ የምትለጥፉ ከሆነ ጥርሱ ወደ ካርቶኑ የተቀበረ፣ ልሙጡ ወደ ውጭ የሆነ ይሁን።

ጦሩን አስቀድማችሁ መምህሩን ጠይቁ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ዱላ አያስገባም። ከተፈቀደ ቀጭን ሸምበቆ፣ ከልጁ ቁመት ያልበለጠ፣ ጫፉ ከካርቶን ሳይሆን ከስፖንጅ የተሠራ ይሁን። ሴት ልጅ የምታለብሱ ሰዎች እቴጌ ጣይቱን ብቻ አታስቡ፤ ሴቶችም በብዛት ዘምተዋልና ጎፈርና ጋሻው ለእሷም ያምርባታል። እቴጌን መሆን ከፈለገች ነጭ ቀሚስ፣ ከጥቁር መጋረጃ የተሠራ ጠርዙ ቢጫ ሪባን ያለው ካባ፣ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ ዘውድ ይበቃታል።

ጋሻው ሲደርቅ ተጣመመ፤ ሙጫውም ተላቀቀ። ለምን?

ጋሻው እንዲጠነክር ጋዜጣ የለጠፋችሁበት ከሆነ፣ የተጣመመው አንድ ጎኑ ብቻ ተለጥፎበት ነው። እርጥብ ወረቀት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ካርቶኑንም ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ከላይ ሦስት ንብርብር ጋዜጣ ከለጠፋችሁ ከውስጥም ቢያንስ ሁለት ለጥፉ። እስኪደርቅ ድረስ ሳህን ወይም ጎድጓዳ ሳፋ ላይ ደፍታችሁ ተዉት፤ በፀሐይ ሁለት ቀን ይበቃዋል። በክረምት ግን አራት ቀንም አይበቃውም፤ ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ ካርቶኑን ሳታርሱ በስኮችና በቪናቪል ብቻ ሥሩ።

የተላቀቀው ሙጫው ጥሬ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ጓጎላ እስኪጠፋ ምቱ። ሦስት ኩባያ ውኃ አፍልታችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩት፤ ነጩ ደብዝዞ እንደ አጥሚት እስኪሆን ሦስት ደቂቃ ያህል ይብሰል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ሻጋታን ያዘገይለታል። ከሁለት ቀን በላይ አታቆዩት። ይህ ሙጫ ወረቀትን ከወረቀት ጋር እንጂ ማዳበሪያን፣ ፌስታልንና ቆርኪን አይዝም፤ ለእነሱ ክር ወይም ጠንካራ የሱቅ ሙጫ ያስፈልጋል።

ጨርቁን በቤት ውስጥ ባለ ነገር ቀለም ማስገባት እችላለሁ?

ጥጥ ከሆነ ትችላላችሁ፤ ፖሊስተር አይቀበልም። የማታውቁት ጨርቅ ከሆነ አንዲት ክር መዝዛችሁ በክብሪት ፈትኑ፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሻይና ቡና ቡናማ፣ እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጣሉ። እርድ ግን ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል፣ ፀሐይ ላይም ይደበዝዛል። ለአንድ ቀን ፕሮግራም ግሩም ነው፤ ለብቻው ግን ይታጠብ፣ ሌላውን ልብስ ያበላሻል።

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ላይ የማናውቀው ብሔር ልብስ ደረሰን። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ተዋሱ። ዳር ሰፈር ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርበት ነው፤ የምትፈልጉት ልብስ ምናልባት ሁለት ፎቅ ብቻ ወርዶ ይሆናል። ከተዋሳችሁ አጥባችሁ ተኩሳችሁ መልሱ፤ ማጠቢያ ውኃ ጠፍቶ ከዘገየም ደውላችሁ ንገሯቸው።

የሚያውሳችሁ ካጣችሁና መሥራት ግድ ከሆነ ቀለሙንና የጥለቱን ቅደም ተከተል ከዚያ ብሔር ሰው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። የጋሞዎቹ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው፤ ሦስቱን ሪባን ነጭ ሱሪ ላይ በመስፋት ማስመሰል ይቻላል፣ የአደራደሩ ልክ ግን ባለቤቱ የሚያውቀው ነው። በሥርዓት የሚያዙ ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ የኦሮሞን ቦኩ (የአባ ገዳ በትር) እና ከለቻ (ግንባር ላይ የሚታሰር የሥርዓት ዕቃ)፣ ከካርቶን ቆርጣችሁ ለልጅ መጫወቻ አታድርጉ። እነዚህ ጌጥ አይደሉም፤ የሚይዛቸውም በወግ የተለየ ሰው ነው።

ለሙያ ቀንስ?

ይህ ከሁሉ ይቀላል። የአባቱ ነጭ ሸሚዝ እጅጌው ተጠቅልሎ የሐኪም ጋዋን ነው፤ የተበላሸ ኢርፎን ጫፉ ላይ ቆርኪ ሲታሰርበት ማዳመጫ ይሆናል። ለመሐንዲስ ቢጫ ፌስታል በሰደርያ ቅርጽ፣ የተጠቀለለ ወረቀት በብብት። ለፓይለት ነጭ ሸሚዝና ትከሻ ላይ አራት ቢጫ መስመር ያለው ጥቁር ካርቶን።

የኬጂ ምርቃት ጋዋን መከራየት ይሻላል ወይስ ማሰፋት?

ለአንድ ልጅ ብቻ ከሆነ መከራየት ይሻላል። አምስት ስድስት ወላጅ ከተስማማ ግን ማሰፋቱ ያዋጣል፤ ልብሱ ለከርሞ ለታናናሾቹ ይተላለፋልና። ለሰፊው ስታሰፉ እጥፋቱን 10 ሴንቲ ሜትር እንዲያስቀር ንገሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት ለረዘመው ልጅ ይለቀቃል። ቆቡን እቤት ሥሩ፦ 20 በ20 የሆነ ካርቶን በጥቁር ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ከሥሩ በራሱ ልክ የተሰፋ የ5 ሴንቲ ሜትር መቀነት። መቀነቱን ከካርቶን ብቻ ከሠራችሁት ልጁ ሲያልበው ይለሰልስና ቆቡ ዓይኑ ላይ ይወርዳል፤ ከኋላ በኩል አራት ጣት የሚያህል ላስቲክ አስገቡለት።

ፊቱን በምን ልቀባው?

የካካዋ ዱቄት በቫዝሊን ተለውሶ ቡናማ፣ የበቆሎ ስታርች በቫዝሊን ነጭ ይሰጣል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ክንዱ ላይ ሞክሩት፤ ካሳከከው ተዉት። ማርከር፣ የግድግዳ ቀለምና የጫማ ቀለም ፊት ላይ አይደረግም። ኩልም ቢሆን አንዳንዱ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ለሕፃን ዓይን አትኳሉ።

በቤት የተሠራ ልብስ አደጋ የለውም?

አለው፤ ትልቁ እሳት ነው። ቃጫ በቅጽበት ይንቀለቀላል፣ ማዳበሪያና ፌስታል ደግሞ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ችቦ፣ ደመራ፣ ሻማና ምድጃ ባለበት እነዚህን የለበሰ ልጅ አይቁም። ለሆያ ሆዬ የሚወጡ ልጆች የጥጥ ልብስ ብቻ ይልበሱ። እሳት ከያዘው እንዳይሮጥ አድርጋችሁ መሬት ላይ አንከባሉት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አትቀቡት፤ የተጣበቀውን ፕላስቲክም ሳትልጡ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ካባ አንገት ላይ በገመድ አይታሰርም፤ የሆነ ነገር ሲይዘው ያንቃል። ሁለቱን ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙት ወይም ሲጎተት በሚለቅ ቀጭን ክር ብቻ አያይዙት። ፊት የሚሸፍን ነገር አትሥሩ፤ ደረጃ ላይ እግሩን አያይም። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍና ዶቃ አታድርጉ፤ ወደ አፉ ይከተዋል።

ሌሎቹ የተገዛ ለብሰው ይመጣሉ። ልጄ ቢያፍርስ?

ሊያፍር ይችላል፤ «ምንም አይደለም» ብሎ ማለፍ ግን አያጽናናውም። የሚረዳው በሥራው ላይ እጁ መኖሩ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ጋዜጣ መለጠፍ ይችላል፤ የ6 ዓመቱ ቃጫ ይቋጥራል፤ የ8 ዓመቱ ልኩን ይለካል። የሠራውን ነገር «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ያሳያል፤ የተገዛ ልብስ ይህን አይሰጥም። ከፕሮግራሙ ሁለት ቀን በፊት እቤት አልብሳችሁ አዘልሉት። የሚወድቅ፣ የሚያሳክክ፣ የሚጠብቅ ነገር ያን ጊዜ ይታወቃል። ልጆች ብዙ ጊዜ «አፍሬበታለሁ» የሚሉት ሰው ፊት የፈረሰባቸውን ልብስ ነው።

ደጋግሞ አልለብስም ካለ አታስገድዱት። ጋሻውን ብቻ ይዞ፣ በራሱ ልብስ ይሂድ።

ትምህርት ቤቱ ከአንድ ቦታ ብቻ ግዙ ቢለንስ?

ለብቻችሁ ሄዳችሁ ከመከራከር አራት አምስት ወላጅ ሆናችሁ፣ ፕሮግራሙ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መምህሯን በእርጋታ አነጋግሩ። «የለንም» ብቻ ብሎ ከመቆም ይልቅ የሠራችሁትን አንድ ጎፈር ወይም ቆብ ይዛችሁ ግቡና «ቀለሙ ይህ ከሆነ ይበቃል ወይ?» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ መምህሯ የምትፈልገው ልጆቹ መድረክ ላይ ተመሳሳይ ቀለም እንዲኖራቸው ነው። የተባለውን ቀለም፣ ርዝመትና የማይፈቀደውን ዕቃ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለወላጆቹ ሁሉ በቴሌግራም ላኩት፤ በኋላ «እንዲህ አልተባለም» እንዳይመጣ። ትምህርት ቤቱ ጭራሽ እንቢ ካለ ልብሱን ሁለት ቤተሰብ በጋራ ይግዛ፤ አንዱ ልጅ በጠዋቱ፣ ሌላው በከሰዓቱ ፕሮግራም እንዲገባ መምህሯን ጠይቁ።